የተረሳ የመሰለው የይለፍ ቃል፦ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሰርቨር የጉዳይ ጥናት

ከአቃቂ ቃሊቲ አልፎ በቢሾፍቱ መንገድ ላይ በሚገኘው ገላን ውስጥ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ የሽያጭና የመጋዘን መዝገቡን ወደያዘው ሰርቨር መግባት የሚችል ሰው ከፋሲካ በዓል በኋላ አጣ። ሰርቨር ይባል እንጂ የዩኒክስ ወገን የሆነው ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ማስኬጃ ሥርዓት፣ በትክክል ኡቡንቱ 20.04፣ የተጫነበት ተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። የሚገባው ስንዴ፣ የሚወጣው ዱቄትና ፉርሽካ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይመዘገብበታል፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች የጋራ ፋይሎቻቸውን የሚያስቀምጡትም እዚያው ላይ ሳምባ በተባለው የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ማሽኑን ብቻውን የሚያስተዳድረው ወጣት የሲስተም ሠራተኛ በሰሙነ ሕማማት ወደ ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት የይለፍ ቃሉን ቀይሯል። በበዓሉ መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ባትሪውን ጨረሰና ማሽኑ ጠፋ። ከበዓል መልስ ሲበራ አገልግሎቶቹ ሁሉ በራሳቸው ተነሡ፣ ሻጮቹም እንደ ወትሮው ደረሰኝ መቁረጥ ጀመሩ፤ ሠራተኛው ግን አዲሱን የይለፍ ቃል ሲያስገባ ማሽኑ «ትክክል አይደለም» እያለ መለሰው።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው ዘግይቶ ነው። እስከዚያው ሽያጩ ስላልተቋረጠ የቸኮለ አልነበረም። ያስቸኮለው በሒሳብ ክፍል ኮምፒዩተሮች ላይ የጋራው ድራይቭ የቦታ ማሳያ መስመር ወደ ቀይ መለወጡ ነበር፤ ዲስኩ እየሞላ ነው፣ የሚያጸዳው ሰው ደግሞ መግባት አልቻለም። ቀደም ብሎ የተጠራ አንድ ባለሙያ በአገራችን የተለመደውን መፍትሔ ሰጥቶ ሄዷል፤ «ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይጫን» የሚለውን። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲነግሩኝ፣ «ፎርማት ከተደረገ ሒሳቤ የት ሊገባ ነው፣ ኢንጂነር?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ለተረሳ የይለፍ ቃል ዲስክ መደምሰስ በሙያው ረገድ ምክንያት የሌለው እርምጃ ነው፣ በተለይ ዲስኩ ያልተመሰጠረ ሲሆን።

ማሽኑን ከመንካቴ በፊት የጠየቅሁት ደብዳቤ ነው። ኮምፒዩተሩ የፋብሪካው ንብረት መሆኑን፣ ወደ እሱ እንድገባና የይለፍ ቃሉን እንድለውጥ መፈቀዱን የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ትንሽ ገርሟቸዋል፤ ሆኖም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት አድርጎታል፤ ከዚህ በታች የሚገለጸው አሠራር ደግሞ በባለቤቱ እጅ ሲሆንና በሌባ እጅ ሲሆን በምንም አይለይም።

ቀጥሎ የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ ተነሣ። ወደ ማሽኑ መግባት የሚችል ባይኖርም መረጃውን ከውጭ ማውጣት ይቻል ነበር፣ ምክንያቱም የሽያጭ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት የራሱ የሆነ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አለው፤ ያም በሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል። የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ በኔትወርክ በኩል በዚያ ስም አወጣን፤ የሳምባ ፋይሎችንም እንደ ማንኛውም ፋይል ቀዳናቸው። ብዙዎች ይህን ደረጃ የሚዘሉት ወደ ሰርቨሩ ካልገቡ ቅጂ ማውጣት የማይቻል ስለሚመስላቸው ነው።

እዚህ ላይ የጉዳዩን ፍሬ ነገር ማስቀመጥ ይገባል። በኮምፒዩተር ላይ የምንጽፋቸው የይለፍ ቃሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። አንደኛው ወገን ለማጣሪያነት ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ሥርዓቱ የተጻፈውን ቃል ካስቀመጠው ምልክት ጋር አመሳክሮ ያስገባል ወይም ይከለክላል፣ ከጀርባው ያለው መረጃ ግን እንዳለ የተቀመጠ ነው። ይህ እንደ ግቢ ዘበኛ ሊታይ ይችላል፤ የግቢው ባለቤት ከፈለገ ዘበኛውን መቀየር ይችላል፣ ቤቱ ምንም አይሆንም። ሁለተኛው ወገን ግን ቃሉ ራሱ ወደ መክፈቻነት ተለውጦ መረጃው የሚመሰጠርበት ነው፤ እዚህ ማመሳከሪያውን ቢለውጡት መረጃው አይከፈትም። የሊኑክስ መግቢያ የይለፍ ቃል ከመጀመሪያው ወገን ነው። ማመሳከሪያው የሚቀመጠው «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ፣ ሩት ከተባለው፣ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ካለው ተጠቃሚና ከአንድ ልዩ ቡድን በቀር ማንም በማያነበው «ሻዶው» በሚባል ፋይል ነው። በፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ መስመር አለ፤ በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ ሆኖ ሁለተኛው ክፍል ከይለፍ ቃሉ የተሰላውን፣ ሃሽ የሚባለውን ምልክት ይይዛል። ሃሹን ወደ ኋላ መልሶ ቃሉን ማንበብ አይቻልም፣ በሌላ ሃሽ መተካት ግን የሩት ሥልጣን ላለው ሁሉ የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የተረሳው ቃል ምንድን ነው የሚለው ሳይሆን፣ የሩት ሥልጣን ያለ ይለፍ ቃል እንዴት ይገኛል የሚለው ነበር። ቢያንስ በዚያ ሰዓት የመሰለን እንደዚያ ነው።

ሻጮቹ ሥራ ጨርሰው እስኪወጡ ጠበቅን። ከዚያ ገመድ መንቀል አላስፈለገም፤ የኡቡንቱ የመግቢያ ገጽ ማንም ሳይገባ በሥርዓት ለማጥፋትና ሪስታርት ለማድረግ የሚያስችል ምርጫ ስላለው፣ ዳታቤዙ ጽሑፉን ጨርሶ እንዲዘጋ አድርገን አስነሣነው። ማሽኑ ሲነሣ የኢስኬፕ ቁልፍ ሲጫኑት ግሩብ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ዝርዝር ይመጣል፤ በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ሺፍትን ይዞ መቆየት ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚል አለ። ኡቡንቱ ሲጫን የሩት ይለፍ ቃል የማይሰጠው በመሆኑ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ በዚህ በኩል ያለ ምንም ጥያቄ የሩት ትእዛዝ መስመር ይገኛል። በዚህኛው ግን አልሆነም። ከዓመታት በፊት ማሽኑን የጫነው ሌላ ባለሙያ ለሩት የይለፍ ቃል ሰጥቶት ስለነበር ሪከቨሪ ሞዱ እሱኑ ጠየቀን፤ ያንን የሚያውቅ ደግሞ በፋብሪካው ውስጥ የለም።

ስለዚህ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረድን። በግሩብ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያውን መስመር መርጦ በኪቦርዱ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ «ኢ» ፊደል ሲጫኑ፣ ማሽኑ ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ የሚጠራበት ጽሑፍ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለማረም ይከፈታል። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጎ ማግኘት ነው። በመስመሩ ጫፍ አካባቢ «አርኦ» የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ፤ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ይከፈት ማለት ነው። እነሱን «አርደብልዩ» በሚለው ተካናቸው፣ ስክሪኑን በሥዕል የሚሸፍኑትን «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የተባሉ ቃሎች አጠፋን፣ ከዚያም «ኢኒት» ብለን የእኩል ምልክትና ትእዛዝ የሚቀበለውን የባሽ ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ ጨመርን። ትርጉሙ ለከርነሉ፣ ሥራህን ስትጨርስ የተለመደውን የአገልግሎቶች አስተዳዳሪ አትጥራ፣ ባሽን ብቻ አስነሣ ማለት ነው። ኤፍ10 ወይም ኮንትሮልና ኤክስ ሲጫኑ ማሽኑ በዚያ መልክ ይነሣል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ፕሮግራም ጭራሽ ስላልተጠራ የሚጠይቅ የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ የሩት ምልክት መጣ፤ የማሽኑ ስም ገና ከፋይል ስላልተነበበ በስሙ ቦታ በቅንፍ ውስጥ «የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎበታል።

«አርደብልዩ» የሚለውን መተካት የረሳ ሰው እዚህ ላይ የሚገጥመውን ልግለጽ፣ ብዙዎችን ያሳስታልና። «ፓስውድ» የሚለው ትእዛዝ አዲሱን ቃል ሁለት ጊዜ ተቀብሎ በመጨረሻ ስለ ማረጋገጫ ምልክት አያያዝ ግራ የሚያጋባ የስሕተት መልእክት ያወጣል። የይለፍ ቃሉ ደካማ የሆነ ይመስላል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ዲስኩ ለንባብ ብቻ በመከፈቱ የሻዶው ፋይል ሊጻፍ አለመቻሉ ነው። መፍትሔው የ«ማውንት» ትእዛዝን በ«ሪማውንት» ምርጫ ተጠቅሞ ዲስኩን ለጽሑፍ ደግሞ መክፈት ነው።

የይለፍ ቃሉን ከመለወጣችን በፊት የሻዶው ፋይሉን ቅጂ ሩት ብቻ በሚያነበው ቦታ አስቀመጥን። ይህ ለጥንቃቄ ያህል የተደረገ ነበር፤ በኋላ ግን ጉዳዩን የፈታው እሱ ነው። ከዚያ «ፓስውድ» ብለን የሠራተኛውን የተጠቃሚ ስም አስከተልን። ስሙን ካላስከተሉ የሚለወጠው የሩት ነው። ለሩትም ለብቻው አዲስ የይለፍ ቃል ሰጠነው። ከዚያ ሁኔታ ሲወጡ «ኤግዚት» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ባሽ በዚያ ሰዓት የሥርዓቱ ቁጥር 1 ፕሮሰስ ስለሆነ እሱ ሲዘጋ ከርነሉ «ፓኒክ» ብሎ ይቆማል። «ሲንክ» በሚለው ትእዛዝ ያልተጻፈው ሁሉ ወደ ዲስኩ እንዲወርድ አድርገን፣ ዲስኩን ወደ ንባብ ብቻ መልሰን፣ በ«ሪቡት» ትእዛዝ የግዳጅ ምርጫ አስነሣነው። ሠራተኛው በአዲሱ ቃል ገባ። ሥራ አስኪያጁም እፎይ ብለው ሻይ አዘዙ።

ሻዩ ሳይመጣ ሁለተኛው ችግር ታየ። ዴስክቶፑ እንደተከፈተ፣ የመግቢያ ይለፍ ቃሉ ከመግቢያ ኪሪንጉ ጋር እንደማይመሳሰል የሚገልጽ ሳጥን መጥቶ የቀድሞውን ቃል ጠየቀ። ኪሪንግ ማለት ዴስክቶፑ የሌሎች ነገሮችን ይለፍ ቃል በአደራ የሚያስቀምጥበት የተመሰጠረ ማኅደር ነው፤ መክፈቻው የሚሠራው ከራሱ ከመግቢያው ቃል ነው። ተጠቃሚው ራሱ ገብቶ የይለፍ ቃሉን ሲቀይር የኪሪንጉ መክፈቻ አብሮ ይቀየራል። በሩት ሲለወጥ ግን አሮጌው ቃል ስለማይታወቅ ኪሪንጉ እንደተቆለፈ ይቀራል። ሠራተኛው ይህን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የተዘጉት ዓመታት ሒሳብ በሰርቨሩ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ወደ አንድ ውጫዊ ዲስክ ተዛውሮ ነበር፤ ዲስኩ ከግቢው ሊወጣ ስለሚችል ተመስጥሯል፤ መክፈቻውም በማሽን የተፈጠረ ረጅም የዘፈቀደ ጽሑፍ ሆኖ የተቀመጠው በዚያ ኪሪንግ ውስጥ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ አልጻፍኩትም» አላቸው ሥራ አስኪያጁን።

ይህ ከላይ የጠቀስኩት ሁለተኛው ወገን ነው። የሩት ሥልጣን እዚህ ምንም አይፈይድም። በግሩብ በኩል የመጣንበት መንገድ ዘበኛውን ቀየረ እንጂ የተመሰጠረውን አልነካም። አሁን የግድ አሮጌው ቃል መታወቅ ነበረበት።

ሠራተኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ አልረሳሁትም፣ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ማሽኑ ነው እንቢ ያለው። እንደዚህ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ብዙ ጊዜም ተሳስቶ ይገኛል፤ ሆኖም ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚጽፈው አንድ ቃል መሆኑ፣ ሳይጠራጠርም መጻፉ እንዳስብበት አደረገኝ። የይለፍ ቃሉን በቀየረበት ቀን በዚያ ማሽን ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቅሁት። ማተሚያው ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘ በመሆኑ የበዓል እረፍት ማስታወቂያውን በአማርኛ የጻፈው እዚያው ላይ ነው። ማስታወቂያውን አትሞ ለጥፎ ተመልሶ የይለፍ ቃሉን ተርሚናል በተባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ ቀየረ፣ ማሽኑንም ሳያጠፋው ሄደ።

በስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ላይ የኪቦርዱን ቋንቋ የሚያሳዩ ትንንሽ ፊደሎች አሉ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ሲጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይለወጣሉ። በዚያ ማሽን ላይ የተመረጠው የአማርኛ አቀማመጥ እያንዳንዱን ቁልፍ በቀጥታ የግእዝ ፊደል እንዲያወጣ የሚያደርግ ነው። ዩኒክስ በተርሚናል የይለፍ ቃል ሲቀበል ደግሞ ኮከብ እንኳ ሳያሳይ ነው። እንግዲህ ሠራተኛው ትእዛዙንና የቀድሞውን ቃል በእንግሊዝኛ ካስገባ በኋላ አቀማመጡ ሳያውቀው ወደ አማርኛ ተለውጦ ከነበረ፣ የለመደውን የእንግሊዝኛ ቃል በለመዳቸው ቁልፎች ሲጽፍ ማሽኑ የተቀበለው የግእዝ ፊደሎች ተከታታይ ሊሆን ይችላል፤ ለማረጋገጫ ድጋሚ ሲጽፈውም ያው ስለሚወጣ ሁለቱ ተመሳስለው ይጸድቃሉ። ለሥርዓቱ ሁሉም ባይት ነው፤ ዩቲኤፍ8 በተባለው የፊደል መመዝገቢያ ዘዴ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ሃሹም ከእነዚያ ይሰላል። የመግቢያው ገጽ ግን አማርኛ ስለሌለው ያው ቁልፎች እንግሊዝኛ ያወጣሉ፣ ቃሉም ሌላ ይሆናል።

ይህ ግምት ነበር፤ ማጣሪያው ያስቀመጥነው የሻዶው ቅጂ ነው። በአሮጌው መስመር የሃሹ መጀመሪያ ላይ በሁለት የዶላር ምልክቶች መካከል 6 ቁጥር ይታያል፤ ሻ512 በሚባለው ዘዴ መሠራቱን ይናገራል። ከእሱ ቀጥሎ እስከሚመጣው የዶላር ምልክት ያለው ጽሑፍ «ሶልት» ይባላል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢይዙ እንኳ ሃሻቸው እንዳይመሳሰል የሚጨመር ዘፈቀደ ነው። ሶልትን ወደ ዩኒክስ ያስገቡት ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት ያኔ 12 ቢት ብቻ ስለነበር 4096 ዓይነት ይሰጥ ነበር። የቶምፕሰን የራሱ አሮጌ ሃሽ ቢኤስዲ ከተባለው ጥንታዊ የዩኒክስ ቅጂ ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲፈታ፣ ቃሉ የቼዝ አጀማመር ሆኖ ተገኘ፤ ከንግሥቷ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ማራመድ። እሱን ለማግኘት አንድ ኃይለኛ የግራፊክስ ካርድ ከ4 ቀናት በላይ ሲገምት ቆይቷል። እኛ ግን የምንፈትሸው አንድ ግምት ብቻ ነበር።

የኦፕን ኤስኤስኤል ፕሮግራም የሻ512ን ሃሽ በተሰጠው ሶልት ያሰላል። ሶልቱን ከአሮጌው መስመር ወስደን ሰጠነው፤ ቃሉን ግን በትእዛዙ መስመር ላይ ሳይሆን ሲጠይቀን እንድንጽፍ አደረግን፣ አለበለዚያ በትእዛዞች ታሪክ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ የወጣው ሃሽ ከአሮጌው ጋር አይገናኝም። አቀማመጡን ወደ አማርኛ ለውጦ ያንኑ ቁልፍ ተራ በተራ ነካ። ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከአንዱ በታች አድርገን ስናያቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ ናቸው። የኪሪንጉን ሳጥን ለመክፈት ደግሞ ቃሉን በጽሑፍ ማረሚያ ላይ በአማርኛ አቀማመጥ ጽፎ ገልብጦ ለጠፈው፤ ተከፈተ። ውጫዊው ዲስክም ሲሰካ ያለ ጥያቄ ተነበበ።

በሌሎቹ የዩኒክስ ወገኖች ላይ መንገዱ በጥቂቱ ይለያል። በሬድ ሃት ቤተሰብ የተለመደው በግሩብ መስመር ላይ «አርዲ ነጥብ ብሬክ» መጨመር ነው፤ እዚያ ኤስኢሊኑክስ የሚባል ተጨማሪ ጥበቃ ስላለ፣ ከለውጡ በኋላ የፋይሎቹ መለያ እንደገና እንዲጻፍ የሚያዝዝ ባዶ ፋይል በዲስኩ ሥር ካልተፈጠረ ማሽኑ ተነሥቶ በአዲሱም ቃል ላያስገባ ይችላል። በፍሪቢኤስዲ ላይ በማስነሻው ዝርዝር 2 ቁጥርን ተጭኖ በነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታ መግባት ይቻላል፤ ኮንሶሉ በ«ቲቲዋይስ» ፋይል ውስጥ የማይታመን ተብሎ ከተመዘገበ ግን እዚያም የሩትን ቃል ይጠይቃል። ከ22.04 ጀምሮ ያሉት ኡቡንቱዎች በሻ512 ፋንታ «የስክሪፕት» (yescrypt) የሚባል ዘዴ ስለሚጠቀሙ፣ ከላይ ያደረግነው ፍተሻ በእነሱ ላይ በኦፕን ኤስኤስኤል አይሠራም፤ «ኤምኬፓስውድ» የተባለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ የጠየቁት የጠበቅሁትን ነው፤ እናንተ በዚህ ቅለት ከገባችሁ ሌላውስ? ለግሩብ ራሱ የይለፍ ቃል መስጠት እንደሚቻል፣ ሆኖም ዲስኩን ፈቶ ወስዶ ሌላ ማሽን ላይ ለሚሰካ ሰው እሱ እንቅፋት እንደማይሆን ነገርኳቸው። የሰርቨሩን ዲስክ በሙሉ መመስጠር ያንን ይከለክላል፤ ግን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ቆሞ ቃሉን ማስገባት አለበት፣ በገላን ደግሞ ያ ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ በዓልም ሊሆን ይችላል። ይህን ሲሰሙ ምስጠራውን ትተው ክፍሉን በብረት በር ማዘጋትን መረጡ፤ ለዚህ ፋብሪካ ውሳኔያቸው የተሻለው ይመስለኛል።

በውጫዊው ዲስክ ላይ ግን አንድ ነገር ጨመርን። ሉክስ የሚባለው የሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ አንዱን ዲስክ በተለያዩ መክፈቻዎች እንዲከፈት ይፈቅዳል፤ በመጀመሪያው የሉክስ ዓይነት እስከ 8 ድረስ። ከኪሪንጉ ውስጥ ካለው ሌላ ሁለተኛ መክፈቻ ተሰጥቶት በእጅ ተጻፈ፤ ከአዲሱ የሩት ይለፍ ቃል ጋር በታሸገ ፖስታ በገንዘብ ቤቱ ካዝና ገባ። የአማርኛው ኪቦርድ ከሰርቨሩ ተነሥቶ ደብዳቤ መጻፊያው ወደ ጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ተዛወረ፣ ማተሚያውም አብሮ ሄደ።